ሮቶ ለማጠብ ምን ይሻላል፦ በረኪና፣ ዱቄት ክሎሪን፣ ክኒን ወይስ ሰው መቅጠር?

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ጣሪያ ላይ ወጥቼ የሮቶውን ክዳን ከፈትኩ። አራት ዓመት ሙሉ ከዚያ ውሃ ሻይ አፍልተናል፣ ልጅ አጥበናል። ወለሉ ላይ አንድ ጣት የሚሆን ቡናማ ደለል ተኝቷል። ግድግዳው ሲነኩት ያሙለጨልጫል። ጥግ ላይ አንዲት እንሽላሊት ሞታ ተንሳፋለች። ክዳኑን መልሼ ዘጋሁና ወረድኩ። ለባለቤቴ ስለ እንሽላሊቷ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

በማግስቱ በምን ላጽዳው ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። አምስት ሰው ጠየቅሁ፣ አምስት መልስ አገኘሁ። ዘበኛችን «በረኪና ድፋበትና ተወው» አለኝ። ቧንቧ ሠራተኛው ዱቄት ክሎሪን ካልሆነ ዋጋ የለውም አለ። ፋርማሲ ስሄድ ክኒን አሳዩኝ። አክስቴ ሎሚና ጨው አለች። ሮቶ አጥባለሁ ብሎ የመጣው ልጅ ደግሞ በሃይላንድ የያዘውን ስም የለሽ ፈሳሽ እያሳየኝ «መድኃኒቱን ለኔ ተወው» አለ። እሱን በጊዜ ሸኘሁት።

ያኔ አማራጮቹን ጎን ለጎን ያስቀመጠልኝ ሰው ቢኖር ሁለት ቅዳሜ አላባክንም ነበር።

ሮቶ ስል የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ማለቴ አይደለም። በየግቢውና በየጣሪያው የተቀመጠውን የፕላስቲክ ታንከር ሁሉ ነው። የብረት ወይም የመሬት ውስጥ ታንከር ያላችሁም አብራችሁ ተከተሉ፤ የሚለየውን እግረ መንገዴን እናገራለሁ።

በምን እንመዝናቸው?

ዋጋ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ዋጋ እንደሆነ በየሳምንቱ ይቀያየራል፣ ደግሞ እዚህ ያሉት አብዛኞቹ ነገሮች ኪስ የሚጎዱ አይደሉም። እኔ ያየኋቸው በእነዚህ ነው።

ጥንካሬው ይታወቃል ወይ? በመቶ ስንት ክሎሪን እንዳለው ካላወቃችሁ መጠኑን ማስላት አትችሉም። ሲያንስ ጀርሙ አይሞትም፣ ሲበዛ አፍንጫና ዓይን ያቃጥላል።

ለሮቶ ይበቃል ወይ? ለጄሪካን የተሠራ ነገር ለ2,000 ሊትር ሲሆን አስቂኝ ይሆናል። ሒሳቡን በኋላ ታያላችሁ።

ስንት ሊትር ውሃ ያስደፋል? ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይሄ ከሁሉም ይበልጣል። አንድ ሺህ ሊትር አምስት ሰው በቀን ሃያ ሃያ ሊትር ቢጠቀም የአሥር ቀን ውሃ ነው። ማን ይደፋዋል?

በመጨረሻም፣ ቤት ውስጥ ለማስቀመጥና በእጅ ለመንካት ምን ያህል አደገኛ ነው? ልጆች ያሉበት ቤት ይሄን ሊያልፈው አይገባም።

ብሩሹ ይቅደም

ከአምስቱ መካሪዎቼ አንዱም ያልነገረኝ ነገር ይሄ ነው። ክሎሪን ጀርምና ቆሻሻ አይለይም። ያገኘው ላይ ራሱን ይጨርሳል። ደለልና ዝልግልግ በሞላበት ሮቶ ላይ ብትደፉት ቆሻሻው ላይ ያልቅና ጀርሙ ከሥር ተሸፍኖ ይተርፋል። እኔም የመጀመሪያውን ቅዳሜ ያባከንኩት እንዲህ ነው። ሳላጥብ በረኪና ደፋሁ። በሳምንቱ ውሃው መልሶ ረግረግ ረግረግ ሸተተ።

ስለዚህ የትኛውንም ብትመርጡ መጀመሪያ ውሃውን አሳልፉ። ለመጸዳጃ፣ ለግቢ፣ ለመኪና ይሁን፤ ሮቶው ሊያልቅ ሲል ማጠብ ይሻላል። የሮቶ መውጫ ቧንቧ ከወለሉ ከፍ ብሎ ስለሚገጠም የመጨረሻው ጥቂት ሊትር በቧንቧ አይወጣም። ደለሉም ያለው እዚያው ነው። በጎማ ስባችሁ ወይም በጣሳ ቀድታችሁ አውጡት፣ ቀሪውን በጨርቅ ጥረጉ። ከዚያ ረጅም እጀታ ባለው ለስላሳ ብሩሽ ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ የክዳኑን ውስጥና ፍሎተሩን (ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋውን ተንሳፋፊ) ፈትጉ። የድስት ሽቦ አትጠቀሙ፤ ፕላስቲኩን ይጭረዋል፣ በጭረቱ ውስጥ ደግሞ ዝልግልጉ ቤት ይሠራል። ላርጎ ያስፈለገ እንደሆነ ጠብታ ይበቃል። አለዚያ አረፋውን ለማስለቀቅ የሚሄደው ውሃ ከሚጸዳው ይበልጣል።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልበል። ቀጭን ልጅ ፈልጎ ሮቶ ውስጥ ማስገባት የተለመደ ነው። ተዉት። ጠባብ ቦታ ውስጥ የክሎሪን ትነት መውጫ የለውም። የመሬት ውስጥ ታንከር ከሆነ ደግሞ አየሩ ራሱ ላይበቃ ይችላል። የነዳጅ ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ አስነስቶ ውሃ መምጠጥ ሰው ይገድላል፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት። መግባት ግድ ከሆነ ትልቅ ሰው ይግባ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ይቆይ፣ ሌላ ሰው አፋፉ ላይ ቆሞ ያውራው፣ ኬሚካልም ያኔ አይኑር።

በረኪና

ብዙ ቤት ውስጥ ያለው ይሄ ነው። በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባል ክሎሪን በውሃ የተበጠበጠ ነው። ለቤት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ ነው። ይሄ ማለት አንድ ሊትር ውስጥ 50 ግራም ክሎሪን አለ።

እዚህ ላይ ሒሳቡ ያምራል። የታጠበ ታንከር ሞልቶ ሲታከም የሚፈለገው በእያንዳንዱ ሊትር ውሃ 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን ነው። ለ1,000 ሊትር 50 ግራም ማለት ነው። ስለዚህ ለአንድ ሺህ ሊትር ሮቶ አንድ ሊትር በረኪና። ለሁለት ሺህ ሁለት። ዕቃው ላይ 10 በመቶ የሚል ከሆነ ግማሹን፣ 3.5 በመቶ ከሆነ አንድ ሊትር ተኩል አድርጉት።

ድክመቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ያረጃል። ሙቀትና ብርሃን ያደክሙታል። ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ በረኪና ጽሑፉ 5 ቢል እንኳ ውስጡ 5 አይደለም። የተመረተበት ቀን ከስድስት ወር ያለፈው ከሆነ እኔ ለልብስ እንጂ ለሮቶ አልገዛውም። ሁለተኛ፣ በሃይላንድ እየተቀዳ የሚሸጠው አለ። ስንት ውሃ እንደተጨመረበት ሻጩም አያውቅም። እኔ በዚያች የመጀመሪያ ቅዳሜ የገዛሁት እሱን ነበር፤ ከሰፈር ሱቅ፣ በርካሽ። ሽታው ራሱ የለም ማለት ይቻላል። ሦስተኛ፣ ሽቶ ያለው፣ ወፈር ያለው፣ «አበባ አበባ» የሚሸተው አለ። እሱ ለወለል ነው። ለሚጠጣ ውሃ ዕቃ ሽቶ የሌለው ተራ ነጭ በረኪና ብቻ።

ዱቄት ክሎሪን

ቧንቧ ሠራተኛው ያለኝ ይሄን ነው። ካልሲየም ሃይፖክሎራይት፣ በገበያ ስሙ ብዙ ጊዜ ኤችቲኤች። ለመዋኛ ገንዳ የሚውለው ይሄ ነው፤ የውሃ ጉድጓድ የሚያክሙ ሰዎችም ይይዙታል። ጥንካሬው ከ65 እስከ 70 በመቶ ነው። ለ1,000 ሊትር 80 ግራም ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም በአደጋ ጊዜ የውሃ ታንከር ለማጽዳት በሚያወጣው መመሪያ የሚመክረው ይሄንኑ መጠን ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ደርቆና ቀዝቅዞ ከተቀመጠ ከበረኪና ይልቅ ብዙ ይቆያል። ለ10,000 ሊትር ታንከር አሥር ሊትር በረኪና ከመሸከም 800 ግራም ዱቄት ይቀላል። ትምህርት ቤት፣ ሆቴል፣ የጋራ መኖሪያ ብሎክ ከሆነ ሌላ ነገር አታስቡ።

ለአንድ ቤተሰብ ግን ይሄን ያህል አልወደውም። መጀመሪያ፣ ሚዛን ይፈልጋል። «በግምት አንድ ጭልፋ» ከተባለ አለቀለት። ሁለተኛ፣ አደገኛ ነው። ከዘይት፣ ከነዳጅ፣ ከሳሙና ወይም ከቅጠላ ቅጠል ጋር ሲነካካ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዕቃ ቤት ውስጥ ከላምባ አጠገብ ማስቀመጥ ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። ሁልጊዜ ዱቄቱ ወደ ውሃው ይጨመር እንጂ ውሃ ዱቄቱ ላይ አይፈስ። በባልዲ በጥብጡት፣ ኖራ የመሰለው ዝቃጭ እስኪወርድ ጠብቁ፣ ከላይ ያለውን ብቻ ሮቶው ውስጥ አፍስሱ። ዝቃጩን አብራችሁ ከደፋችሁ አሁን ያጸዳችሁትን ወለል መልሳችሁ ነጭ አደረጋችሁት።

ውሃ አጋርና ክኒን

ውሃ አጋር የበረኪና ታናሽ ወንድም ነው። ያው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ጥንካሬው ግን ከ1 በመቶ ትንሽ የሚበልጥ። የተሠራው ለ20 ሊትር ጄሪካን ነው። በዚያ ሥራው እመሰክርለታለሁ፤ በክዳኑ ለክቶ ጠብ ማድረግ ነው። ሮቶ ለማጽዳት ግን ለአንድ ሺህ ሊትር አራት ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ያ ከሃያ በላይ ትናንሽ ጠርሙስ ነው።

ክኒኑ ይብሳል። ለ20 ሊትር የሚሆነው የውሃ ክኒን 40 ሚሊ ግራም አካባቢ ክሎሪን ይሰጣል። ለሮቶው 50 ግራም ለማግኘት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ክኒን መላጥ ነው። ፋርማሲስቷ ይሄን ሒሳብ ስነግራት ሳቀች። ለትልቅ ታንከር የሚሠሩ ትልልቅ ክኒኖችም አሉ፤ ካገኛችሁ ለአያያዝ ከዱቄት ይመቻሉ፣ በየሱቁ ግን አይደረደሩም።

ቢሻን ጋሪንም የጠየቀኝ ሰው ነበር። ስሙ በአፋን ኦሮሞ «ጥሩ ውሃ» ማለት ነው። እሱ የደፈረሰ ውሃ የሚያጠልና የሚያክም ዱቄት ነው፣ ለጄሪካን። ሮቶ ማጠቢያ አይደለም። ክረምት ላይ ውሃው ሻይ ሲመስል ግን ያስታውሱት።

ሎሚ፣ ሆምጣጤ፣ ጨው

አክስቴን እወዳታለሁ። ሎሚና ሆምጣጤ ፍሎተር ላይ የተጋገረ ነጭ ነገር ይለቃሉ፤ የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ታውቁታላችሁ። ሮቶ ሙሉ ውሃ ላይ ጀርም መግደል ግን የእነሱ ሥራ አይደለም። ጨውም እንዲሁ። ከበረኪና ጋር ግን በምንም ዓይነት እንዳታገናኟቸው። አሲድ ያለበት ነገር በረኪናን ሲነካ መርዛም ጋዝ ይወጣል። የሽንት ቤት አሲድና አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም እንደዚያው።

ሰው መቅጠር

ጣሪያችሁ አስፈሪ ከሆነ ወይም ታንከሩ መሬት ውስጥ ከሆነ ክፈሉና አሠሩ። ራሳችሁን አትግደሉ። ዳሩ ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። ምንድን ነው የምትጨምረው? ጥንካሬው ስንት ነው? ለዚህ ሮቶ ስንት ትለካለህ? መልሱ «አይዞህ፣ እናውቅበታለን» ከሆነ አያውቁበትም ማለት ነው። ኬሚካሉን ራሳችሁ ገዝታችሁ ብትሰጡ ይመረጣል፤ ጉልበቱንና መሰላሉን እነሱ ያምጡ። ሲጨርሱ ክዳኑ ሳይዘጋ ውስጡን በስልክ ፎቶ አስነሱ። በጄት ውሃ መርጨት ግድግዳውን ያሳምራል፤ ወለሉ ላይ የቀረውን ግን አሁንም በጨርቅ ማውጣት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምርጫ፦ ሞልቶ መዝፈቅ፣ ግድግዳ መቀባት ወይስ በጥቂቱ ማቆየት?

ሰው ስለ ኬሚካል ብቻ ይከራከራል። እኔ እንዳየሁት ግን ለአዲስ አበባ ቤት ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ሦስቱ መንገዶች የሚያስደፉት ውሃ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

የመጀመሪያው ሞልቶ መዝፈቅ ነው። ሮቶውን ሩብ ሙሉ፣ ክሎሪኑን ጨምሩ፣ ከዚያ እስከ አፉ ሙሉ። 24 ሰዓት ይቆይ። ቸኩላችሁ እንደሆነ መጠኑን እጥፍ አድርጋችሁ 8 ሰዓት። ጥሩነቱ የማይደርስበት ቦታ የለም። ቧንቧዎቹን በየተራ ከፍታችሁ የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ብታስሄዱት የቤቱ መስመር ሁሉ አብሮ ይታከማል። ከዚያ በፊት የውሃ ማጣሪያ ካላችሁ ፍሬውን አውጡ፣ ቦይለሩን ዝጉበት። መጥፎነቱ ያ ሁሉ ውሃ አይጠጣም። ለመጸዳጃ ቤትና ለሰድር ይሆናል። አትክልት ላይ አትድፉት፣ ቀለም ያለው ልብስም አትዘፍዝፉበት።

ሁለተኛው ግድግዳ መቀባት ነው። በ10 ሊትር ባልዲ ውሃ 40 ሚሊ ሊትር የ5 በመቶ በረኪና በጥብጡ። ይሄ ከመጀመሪያው በአራት እጥፍ የጠነከረ ነው። በብሩሽ ወይም በመርጫ የሮቶውን ውስጥ በሙሉ አርጥቡ። ለ30 ደቂቃ እንዳይደርቅ እየደጋገማችሁ አርጥቡት፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ አለቅልቃችሁ አውጡት። በሁለት ሦስት ባልዲ ያልቃል። መነጽርና ጓንት አድርጉ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ፣ ፊታችሁን አፉ ላይ አትድፉ። ተራ የጨርቅ ማስክ የክሎሪን ትነት አያቆምም። ድክመቱ የቤቱን ቧንቧ አይነካም። እሱን ካስፈለገ ሮቶው ውስጥ 100 ሊትር ውሃ በ100 ሚሊ ሊትር በረኪና አድርጋችሁ ወደ ቧንቧዎቹ አስገቡ፣ አሳድሩት፣ ጠዋት አስወጡት።

ሦስተኛው ለኔ ግኝት ነው። ትልልቅ የከተማ ውሃ ማጠራቀሚያዎችን ለማከም ከተፈቀዱ ዘዴዎች አንዱ ነው። በንጹሕ ታጥቦ ባለቀ የ1,000 ሊትር ሮቶ ውስጥ 50 ሊትር ውሃ በ50 ሚሊ ሊትር በረኪና ታደርጋላችሁ። 6 ሰዓት ይተኛል። ከዚያ ሳትደፉት ሮቶውን እስከ አፉ ትሞላላችሁ፣ 24 ሰዓት ትጠብቃላችሁ። አሁን የቀረው ክሎሪን በሊትር 2.5 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በታች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ 5 ነው። ይጠጣል። የሚደፋ ውሃ የለም። ሽታው የከበዳችሁ ለአንድ ሌሊት አፉ በንጹህ ሻሽ በተሸፈነ ማሰሮ አሳድሩት፣ ይቀንሳል። ማስጠንቀቂያው ጠንካራው ውሃ የሚነካው ወለሉን ብቻ ስለሆነ ግድግዳው በደንብ የተፈተገ መሆን አለበት። እንሽላሊት ለተገኘበት ሮቶ አልመክረውም። ለእሱ ሁለተኛውን መንገድ ሠርታችሁ ይሄን አስከትሉ፤ እኔ በሁለተኛው ቅዳሜ ያደረግሁት ይሄን ነው።

መለኪያ ላጣ ሰው፦ ያረጀ የሕፃን ጡጦ ሚሊ ሊትሩ ተጽፎበታል። ከዚያ በኋላ ግን ለሮቶ ብቻ ይሁን፣ ምልክት አድርጉበት።

የብረት ታንከር ያላችሁ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ምረጡ። ጠንካራ ክሎሪን ብረት ላይ በቆየ ቁጥር ዝገት ይጠራል።

| አማራጭ | ጥንካሬ | ለ1,000 ሊትር (ሞልቶ ለመዝፈቅ) | የሚመቸው | የሚያስጠላው |
|---|---|---|---|---|
| ተራ በረኪና | 5 በመቶ ገደማ | 1 ሊትር | በየሱቁ አለ፣ ሒሳቡ ቀላል | ያረጃል፣ የተበረዘ አለ |
| ዱቄት ክሎሪን | 65–70 በመቶ | 80 ግራም | ለትልቅ ታንከር፣ ብዙ ይቆያል | ሚዛን ይፈልጋል፣ እሳት ሊያስነሳ ይችላል |
| ውሃ አጋር | ከ1 በመቶ ትንሽ በላይ | 4 ሊትር ገደማ | ለጄሪካን ምርጥ | ለሮቶ አይበቃም |
| ትናንሽ ክኒኖች | 40 ሚሊ ግራም ገደማ በአንዱ | 1,250 ክኒን | ለመንገድ፣ ለጄሪካን | ለሮቶ ቀልድ ነው |
| ሎሚ፣ ሆምጣጤ፣ ጨው | ክሎሪን የለውም | አይሆንም | ነጭ ቅርፊት ማስለቀቅ | ከበረኪና ጋር አደገኛ |

| መንገድ | ጊዜ | የሚደፋ ውሃ | የቤቱን ቧንቧ ያክማል? |
|---|---|---|---|
| ሞልቶ መዝፈቅ | 24 ሰዓት | ሙሉ ሮቶ | አዎ |
| ግድግዳ መቀባት | 30 ደቂቃ | ከ20–30 ሊትር | አይ፣ ለብቻው ይሠራል |
| በጥቂቱ አቆይቶ መሙላት | 6 ከዚያ 24 ሰዓት | ምንም | በከፊል |

ከምን እንሙላው?

የታጠበ ሮቶ ላይ የሚገባው ውሃ ካልታየ ልፋቱ ከንቱ ነው።

የከተማ ቧንቧ ውሃ ታክሞ የሚመጣ ነው። አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ደግሞም ከአቃቂ ጉድጓዶች ትጠጣለች። ክሎሪን ይዞ ይነሳል። ችግሩ መስመሩ በፈረቃ ባዶ ሲሆን ግፊቱ ይጠፋል፣ በተሰነጠቀበት በኩል የውጭ እርጥበት ሊገባ ይችላል። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ቡናማ የሆነው ለዚህ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ «መጣ! መጣ!» ሲባል ፍሎተሩን ወዲያው አትክፈቱ። ግቢ ያለውን ቧንቧ እስኪጠራ አስሂዱ፣ ውሃውን በባልዲ ያዙት፣ ከዚያ ወደ ሮቶ።

ቦቴ ከሆነ ከየት እንደቀዳ ጠይቁ። ጎማውን እዩት፤ መሬት ላይ ሲጎተት የመጣ ጎማ በቀጥታ ሮቶ ውስጥ አይገባም። በብርጭቆ ቀድታችሁ አሽትቱ። የነዳጅ ሽታ ካለው ይመለስ፣ ክሎሪን ነዳጅ አያጠፋም። ንጹህ ከሆነ ለ1,000 ሊትር 40 ሚሊ ሊትር በረኪና ጨምሩ፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቁ። የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ ይርጋ፤ ድፍርስ ውሃ ክሎሪኑን ይበላዋል። የመዋኛ ገንዳ ዕቃ የሚሸጡ ቦታዎች የክሎሪን መለኪያ ወረቀት አላቸው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ካሳየ ጥሩ ነው።

የግል ጉድጓድ ጠረኑም ጣዕሙም ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ክሎሪን ግን የለውም። በየሙላቱ ማከም ይፈልጋል። ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ፍሎራይድ የሚባል ሌላ ጣጣ አለባችሁ። በረኪናም ማፍላትም እሱን አይነኩትም፤ ለዚያ ውሃውን ማስመርመር እንጂ ሮቶ ማጠብ መልስ አይሆንም።

ለማን የትኛው?

500 ወይም 1,000 ሊትር ሮቶ ያላችሁ፣ ፈረቃ የሚያስቸግራችሁ፦ ተራ በረኪና ግዙ፣ ግድግዳውን ቀቡ፣ ከዚያ ሦስተኛውን መንገድ አስከትሉ። ወጪው የአንድ ጠርሙስ በረኪናና የአንድ ብሩሽ ነው። አዲስ ቤት ገብታችሁ ሮቶው መቼ እንደታጠበ የማታውቁ ከሆነ ግን ውሃው ቢያሳዝንም አንዴ ሞልታችሁ ዝፈቁት፤ የቧንቧውንም ታሪክ አታውቁም።

ኮንዶሚኒየም ላይ ሮቶው የጋራ ከሆነ ብቻችሁን አትጀምሩ። ሳይነገረው ፊቱን በበረኪና ውሃ የታጠበ ጎረቤት ይቅር አይልም። ኮሚቴው ቀን ይቁረጥ፣ በየበሩ ወረቀት ይለጠፍ፣ ዱቄት ክሎሪን ተገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይመዝን።

ቤት ውስጥ ጨቅላ ወይም ሕመምተኛ ካለ፣ ሮቶው የቱንም ያህል ቢጸዳ የሚጠጣውን አፍሉ። ክሎሪን የማይበግራቸው ጥገኛ ተሕዋስያን አሉ።

ድሬዳዋ፣ ሶማሌ ክልልና ሌላም ቆላ ያላችሁ፣ የእናንተ ጠላት ጀርም ብቻ አይደለም። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው በ2016 በፈረንጆች አቆጣጠር ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። የቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ትወዳለች። በ2022 ድሬዳዋ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር ተያይዟል። የደንጊ ትንኝም እንቁላሏን ከውሃው ከፍ ብላ ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች፣ ደርቆም ይቆያል። ለመጠጥ በሚሆን መጠን የገባ ክሎሪን እጮቹን አያስቆምም። እናንተ ጋ ብሩሹና ክዳኑ ከክሎሪኑ ይበልጣሉ። የትርፍ ውሃ ማስወጫውን አፍ በጥሩ ወንፊት እሰሩት።

አዲስ ሮቶ ለመግዛት የምታስቡ ደግሞ ውስጡ ብርሃን የማያሳልፈውን ምረጡ። ብርሃን የሚያሳልፍ ሮቶ ውስጥ አረንጓዴው አልጌ ቶሎ ይመጣል፣ በየሁለት ወሩ ጣሪያ ላይ ትወጣላችሁ።

እኛ አሁን በዓመት ሁለት ጊዜ እናጥባለን። አንዴ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲጠራ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ። አንዴ ሚያዝያ። ቀኑን ክዳኑ ላይ በማርከር እጽፋለሁ፣ ከጎኑ የበረኪናውን መጠን። ባለፈው ቧንቧ ሠራተኛው ለሌላ ሥራ መጥቶ አየውና «ይሄ ምንድን ነው፣ የልደት ቀን ነው?» አለኝ። ዱቄት ክሎሪን ይሻል ነበር ማለቱንም አልተወም።